እፎይታው ከመሰጠቱ በፊት

ልጄ፣ የደወልሽልኝ ዕለት የጠየቅሽኝ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። «አጎቴ፣ ሞርሲቶ ባለሀብት እንዲመጣልን የግብር እፎይታ እንዲፈቀድልን ብንጠይቅ አይሻልም?» አልሽኝ። በስልክ ተመልሶ የሚያልቅ ጥያቄ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ግብር ስሰበስብና የበጀት መዝገብ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። የእፎይታ ደብዳቤ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ ደብዳቤው ወጥቶ ፋብሪካው ሳይወጣ ሲቀርም አይቻለሁ። አንቺ ደግሞ የሚሻ ወረዳ ኢንቨስትመንት ዴስክ ላይ ከተቀመጥሽ ገና ዓመት አልሞላሽም። ስለዚህ ያየሁትን ቁጥር እየሰጠሁ እጽፍልሻለሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን አታንብቢው።

1. ደንቡን በሰው አፍ አትስሚው፤ ነጋሪት ጋዜጣውን ይዘሽ አንብቢ።

በ2005 ዓ.ም. የወጣውን የማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270 ፈልገሽ አውጪ። ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ውጪ ለሚተከል የማምረቻ ሥራ የገቢ ግብር ነፃ ዘመኑን ያራዝምለት ነበር። ከዚያ አልፎ ራቅ ላሉ አካባቢዎች ሌላ ነገር ጨመረ፤ ነፃው ዘመን ካለቀ በኋላ ለሦስት ተከታታይ ዓመት የግብሩ 30 በመቶ ይቀነስላቸው ነበር። የአካባቢዎቹን ዝርዝር በጣትሽ እየተከተልሽ አንብቢ። ጋምቤላ፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ ከአዋሽ ወንዝ ግራና ቀኝ 15 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው ሲቀር አፋር፣ ሶማሌ፣ ጉጂና ቦረና፤ ከቀድሞው ደቡብ ክልል ደግሞ ደቡብ ኦሞ፣ ሰገን፣ ቤንች ማጂ፣ ሸካ፣ ዳውሮ፣ ካፋ፣ ኮንታና ባስኬቶ። የኛ ሀዲያ የለችበትም። ከምባታም የለችበትም።

መጀመሪያ ሳነበው ተናድጄ ነበር። ኋላ ግን አሰብኩበት። ደንቡ ችግርን የለካው በርቀት ነው፤ ከመሐል አገር የራቀውንና አርብቶ አደሩን አየ። የኛ ችግር ሌላ ዓይነት ነው። ሞርሲቶ ከሆሳዕና ብዙም አትርቅም፣ ሆሳዕናም ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እኛን የገደለን የመሬት ጥበት ነው። አባት ግማሽ ሄክታር ለአራት ወንድ ልጅ ሲያካፍል ምን እንደሚደርሳቸው ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የርቀት መለኪያ ይህን አያይም።

ለሁሉም የተፈቀደው ተጨማሪ ዓመትም ቢሆን ሞርሲቶን ከሐዋሳ ጋር እኩል ነበር የሚያስቆማት። ሁለቱም «ከአዲስ አበባ ውጪ» ተብለው አንድ ላይ ተቆጥረዋልና። ሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ በሐምሌ 2008 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ጥቅሙ እኩል ከሆነ ባለሀብቱ ማንን ይመርጣል?

ደግሞ ሕግ ይለወጣል። በ2012 የኢንቨስትመንት አዋጅ 1180 መጣ፣ ማበረታቻውም ከዚያ ወዲህ ሌላ ደንብ ወጥቶለታል። እኔ የሸመደድኩትን ይዘሽ ለሰው ቃል እንዳትገቢ። ዛሬ የሚሠራበትን ጽሑፍ ከክልሉ ቢሮ ጠይቂ። ክልላችን በነሐሴ 2015 ሲመሠረት ቢሮዎቹ በተለያዩ ከተሞች ተከፋፍለዋልና ሁሉን ነገር ሆሳዕና አገኛለሁ ብለሽም እንዳትደክሚ።

2. እፎይታ የሚጠቅመው የሚያተርፍን ሰው ነው።

ይህን የማይረዳ ብዙ ኃላፊ አይቻለሁ። የድርጅት የትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው። ፋብሪካው በዓመት አንድ ሚሊዮን ብር ካተረፈ እፎይታው ሦስት መቶ ሺህ ያድንለታል። ካላተረፈ ምንም አያድንለትም። አዲስ ፋብሪካ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያተርፈው በዕድል ነው። ማሽኑን ይለምዳል፣ ሠራተኛ ያሠለጥናል፣ ገበያ ይፈልጋል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ነፃው ዘመን እየቆጠረ ነው። ያን ጊዜ የተሰጠው ደብዳቤ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል።

ከቀረጥ ነፃ የማሽን ፈቃድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሠራል። ያተረፈም ያላተረፈም ማሽኑን በርካሽ ያስገባል። ስለዚህ ትንሽ ሰው ሲመጣብሽ ስለ ግብር ከማውራትሽ በፊት ስለ ማሽን አውሪው። እዚህ ላይ ግን ዓይንሽን አትንቀዪ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ብረትና መኪና ገበያ ወጥቶ ሲሸጥ የኖረበት አገር ነው። የገባው ዕቃ ቦታው ላይ ተተክሎ እንደሆነ ራስሽ ሄደሽ እዪ፤ ከቢሮ ሆነሽ «ተረጋግጧል» ብለሽ እንዳትፈርሚ።

3. ያለንን ለኪው።

ባለፈው ጊዜ ስመጣ እናትሽ ጓሮ ስትፍቅ አገኘኋት። የተሰነጠቀውን የእንሰት ግንድ በተዘቀዘቀው ሳንቃ ላይ አድርጋ፣ መሬት ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ ግንዱን በተረከዟ ይዛ፣ በቀርከሃው መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትገፋዋለች። ከጠዋት እስከ ቀትር አየኋት። ፍቅፋቂው ቅጠሉ ላይ ይወርዳል፤ ስትጨምቀው ነጩ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ውሃው ሲረጋ ከሥሩ ቡላው ይቀራል። ያን ሁሉ ደክማ የቀራት ቡላ አንድ ሳህን አይሞላም ነበር። ያንኑ ቡላ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ በላስቲክ ታሽጎ፣ የአሻጊው ስም ተጽፎበት አይቼዋለሁ። ሚሻ የሚል ቃል አልነበረበትም።

ባለሀብት «ምን አላችሁ?» ሲልሽ «ሰፊ ለም መሬት፣ ሠራተኛ ሕዝብ» አትበዪው። ይህን ሁሉም ወረዳ ይለዋል። ቁጥር ስጪው። በስንት ቀበሌ ስንት አባወራ እንሰት አለው? በዓመት ስንት እግር ለመፋቅ ይደርሳል? እንሰት ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ፋብሪካ መጥቶ የደረሰውን በአንድ ዓመት ቢጨርሰው በሚቀጥለው ምን ይፈጫል? ሕዝቡስ ምን ይበላል? በየትኛው ወር ስንዴና ባቄላ ይሰበሰባል፣ ስንት ኩንታሉ ገበያ ይወጣል፣ ስንቱ ቤት ይቀራል? ከጓሮ እስከ አስፋልቱ በአህያ ስንት ሰዓት ነው? ይህን መዝግበሽ በአንድ ወረቀት ከያዝሽ ከማንኛውም ደማቅ ብሮሹር ይበልጥሻል።

በአንድ ሰብል ብቻ እንዳትታመኚም። ሀደሮ አካባቢ ዝንጅብል የሚሸጥ ገበሬ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶ፣ ልጁን አስተምሮ፣ የሚያስቀና ኑሮ ነበረው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የአጠውልግ በሽታ ገባና ማሳው ተንኮታኮተ። ያን ጊዜ በዝንጅብል ላይ ብቻ የቆመ ፋብሪካ ቢኖር ኖሮ አብሮ ነበር የሚወድቀው። እንሰትም የራሱ አጠውልግ አለው። ወሬውን ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ልጆች ጠይቂ፤ ከባለሀብቱም አትደብቂ።

4. መሬት ከመስጠትሽ በፊት አምስት ሌሊት ተኚበት።

ስሙን የማልጠራው ከተማ ውስጥ ስሠራ አንድ ባለሀብት መጣ። መሬት ተለካለት፣ ገበሬዎች ተነሡ፣ ድግስ ተደገሰ፣ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። እኔም አጨብጭቤ ነበር። ሰውየው በድንጋይ አጠረ፣ የዘበኛ ቤት ሠራ፣ ከዚያ ቀረ። በአራተኛው ዓመት ሳልፍ አጥሩ ውስጥ ሣር ወገብ ይደርሳል። አንድ ሽማግሌ አጥሩ ሥር ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ። ሰላም አልኳቸው። «ያ ዛፍ የኔ ነው፣ አባቴ ነው የተከለው» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ያ ሰውዬ ቦታውን አስይዞ ተበድሮ ሌላ ቦታ ነግዶበት እንደነበር በኋላ ሰማን። የእፎይታ ዘመኑም አንድ ቀን አልተቆጠረም፤ ነፃው ዘመን የሚጀምረው ማምረት ሲጀመር ነዋ። መንግሥት በወረቀት ምንም አልከሰረም። ሽማግሌው ግን ከሰሩ።

ስለዚህ ልጄ፣ ውሉ ላይ ቀን ይጻፍ። መሠረቱ በስንት ወር፣ ማሽኑ በስንት ወር፣ ምርቱ በስንት ወር። ካልሆነ መሬቱ ይመለሳል ተብሎ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ ነገር እንደሌለ ቁጠሪው። ሁሉንም በአንዴ አትስጪው፤ በምዕራፍ ስጪ፤ የመጀመሪያውን ሲያለማ ሁለተኛውን ጨምሪለት። አሥር ሄክታር ለሚጠይቅ ሰው ሁለቱን ሰጥተሽ ዝም ብለሽ እዪው፤ እውነተኛው ይሠራበታል፣ የመሬት ነጋዴው ይቆጣል።

ለሚነሣው ገበሬ ሕጉን አንብቢለት። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 በዘላቂነት ከእርሻው ለሚነሣ ሰው ካሳውን ከቀድሞው ከፍ አድርጎታል፤ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የበለጠ ያገኘበት ዓመት ገቢ በ15 ይባዛለታል። ብሩ ግን አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው። እንሰት ያለው ሰው ብር ይዞ ከተማ ሲገባ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። ፋብሪካው ለተነሡት ቤተሰቦች ልጆች ሥራ ለመስጠት ከፈረመ፣ ስንት ልጅና በምን ሥራ ተብሎ ይቆጠር።

5. የሚቀርብንን አስዪ።

ብዙ ሰው እፎይታ ሲባል የፌዴራሉ መንግሥት ከኪሱ የሚሰጠው ይመስለዋል። ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 97ና 98 አንብቢ። የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልሉ ነው። የድርጅት ትርፍ ግብር ፌዴራሉና ክልሉ በጋራ የሚካፈሉት ነው። ስለዚህ ለባለሀብቱ የተተወው ብር ከፊሉ ለጤና ጣቢያሽ ከሚደርሰው ቋት የተነሣ ነው። ይህ ማለት አይሰጥ ማለቴ አይደለም፤ የምትሰጪውን አውቀሽ ስጪ ለማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ፤ በእኔ ጊዜ ብዙ ጓደኞቼ ይዘነጉት ነበር። ፋብሪካው የትርፍ ግብር ባይከፍልም ከሠራተኞቹ ደመወዝ የሚቆረጠው ግብር ይቀጥላል፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች የገቢ ግብር ደግሞ በዚያው አንቀጽ 97 የክልል ነው። ሃምሳ ቋሚ ሠራተኛ በመዝገብ ያለው ትንሽ ፋብሪካ፣ መቶ የቀን ሠራተኛ በጥሬ ብር ከሚከፍል ትልቅ ስም ይልቅ ለክልሉ ይጠቅማል። የደመወዝ መዝገቡን መጠየቅ መብትሽ ባይሆን እንኳ ከገቢዎች ልጆች ጋር ተቀምጠሽ ተረዳጂ።

ደመወዙ ራሱ ስንት ነው የሚለውንም አትዝለዪ። ሐዋሳ ፓርክ ውስጥ የልብስ ስፌት ሠራተኛ በወር 26 ዶላር መነሻ እንደሚከፈላት በ2011 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ጽፎ ነበር። ከቀያችን የሄዱ ልጆች ቤት ኪራይ ከፍለው የሚተርፋቸው ስላጡ ተመልሰዋል። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል ስታስወጣ፣ የፓርኩ ትልቅ ስም የነበረው ፒቪኤች ለቅቆ ወጣ። ገበያው በአንድ አገር ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ እንዲህ ነው።

6. ከሌላው አገር ተማሪ።

አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ የግብር ሕግ ከ8,700 በላይ የሚሆኑ ድሃ መንደሮችን «የዕድል ቀጠና» ብላ ሰየመች። ገንዘቡን እዚያ ላፈሰሰ ባለሀብት ግብር ይቀነስለታል። ገንዘቡ ወዴት ሄደ? አስቀድመው መነሣት ወደ ጀመሩት ጥቂት ሰፈሮች፣ ያውም በአብዛኛው ወደ ሕንፃ። ብዙዎቹ መንደሮች ስሙን ብቻ ይዘው ቀሩ።

ልጆቻችን የሚሄዱባት ደቡብ አፍሪካም ሌላ ታሪክ አላት። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች ወደ ከተማ እንዳይገቡ ለማድረግ በየገጠሩ ፋብሪካ በማበረታቻ ተተከለ። ዲምባዛ የምትባል ቦታ አለች፣ ምሥራቃዊ ኬፕ ውስጥ። ድጎማው ሲቆም ፋብሪካዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ፤ ባዶ አዳራሾች ቀሩ። ከማበረታቻው በቀር ምንም የማይዛቸው ሰዎች ነበሩ። እኛ ዘንድ የሚመጣውን ሰው «እፎይታው ሲያልቅ ለምን እዚህ ትቆያለህ?» ብለሽ ጠይቂው። መልስ ካጣ ተጠንቀቂው። «ቡላው እዚህ ስለሆነ» ካለሽ ቡና አጠጪው።

7. የመጀመሪያው ባለሀብት ውጪ ያለው የገዛ ልጃችን ነው።

ሆሳዕና የሚታየውን ፎቅ ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ። ጆሃንስበርግ ዳር ባለ ስፓዛ ሱቅ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሌት ተቀን የቆመ ልጅ ነው። በሕይወቱ ላይ ተወራርዶ ያመጣው ብር ሕንፃ ሆነ፤ ሕንፃው ለሱቅ ተከራየ፤ ሱቁ ከአዲስ አበባ የመጣ ዕቃ ይሸጣል። ልጁን አልወቅሰውም። ሌላ የሚያምነው ነገር ያቀረብንለት የለም።

እምነት ግን አለን። ያሆዴ በዓላችን ሲቃረብ የመስቀሉን በሬ እንዴት እንደምንገዛ አስቢ። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ጥቂት ጎረቤቶች በየወሩ ያዋጣሉ፣ አንዱ ይይዛል፣ ዓመቱን ሙሉ ማንም አይከዳም፤ ቀኑ ሲደርስ በሬው ይታረዳል፣ መደቡ እኩል ይከፈላል። ሴቶቹም በበኩላቸው ቅቤ ያጠራቅማሉ። ይህን ያህል ዘመን ያለ ደረሰኝ የሠራ ማኅበር ያለው ሕዝብ ፋብሪካ ለማቋቋም የሚያንሰው እምነት አይደለም፤ መንገዱን የሚያሳየው ሰው ነው ያነሰው። ያ ሰው አንቺ ሁኚ።

በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እስከ 50 አባል እንዲኖረው ይፈቅዳል። ልማት ባንክ በሊዝ ፋይናንስ ማሽን ሲያከራይ ከተከራዩ ሲጠይቅ የቆየው 20 በመቶ ነው፤ የቀረውን እሱ ሲሸፍን ቆይቷል። አሥራ ሁለት የመስቀል ማኅበር አባላት፣ ውጪ ካሉ ልጆቻቸው ጋር ሆነው ያቺን 20 በመቶ ቢያዋጡ የቡላ መጭመቂያ፣ ማድረቂያና ማሸጊያ ማቆም ይችላሉ። ትልቅ ፋብሪካ አይሁን። እናትሽ እግሯን አንሥታ ከጠዋት እስከ ቀትር የምትገፋውን ሥራ የሚያቃልል ማሽን ይሁን። የውጪው ባለሀብት ሲመጣም የሚያየው ባዶ መሬት ሳይሆን የሚሠራ ነገር ይሆናል፤ ሸሪክ ሊሆን ይችላል፣ ገዢ ሊሆን ይችላል።

ውጪ ያሉትን ልጆች ግን በስብሰባ አዳራሽ አታስለቅሺያቸው። ባንዲራ ይዘው የሚዘፍኑበት ስብሰባ ብዙ አይተዋል። በየሦስት ወሩ የማኅበሩን ሒሳብ በስልካቸው ላኪላቸው፤ ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል፣ በእጅ ያለ ይህን ያህል። ከሰርንም ብለሽ ላኪ።

8. መብራቱን አስቀድሚ።

የትራንስፎርመር ጥያቄሽን ከባለሀብቱ በፊት አስገቢ። በሳምንት ሁለት ቀን የሚጠፋ መብራት በጄኔሬተር ናፍጣ የሚበላው ብር ከእፎይታው ሊበልጥ ይችላል። ውሃም እንዲሁ። ለቡላ ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል።

9. ከጎረቤት ጋር አትፎካከሪ።

ፎንቆም፣ ሀቢቾም፣ ሆመቾም፣ ከምባታ ተሻግሮ አንጋጫና ዶዮገናም ያንቺ ዓይነት ልጅ ዴስክ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ባለሀብት ሁላችሁንም ይዞራል፤ «እነ እንትና አሥር ሄክታር ሰጥተውኛል» ይልሻል። ስልክ አንሥተሽ ጠይቂያቸው። ተነጋግራችሁ አንድ ዓይነት ውል፣ አንድ ዓይነት የጊዜ ገደብ ብትይዙ ማንም አያጫርታችሁም። ድንቹ ከዶዮገና፣ እንሰቱ ከሚሻ ቢመጣ ፋብሪካው ሆሳዕና ቢቆም ምን አለበት? ሞርሲቶ ላይ ካልሆነ ብለሽ ግትር አትበዪ፤ የሞርሲቶ ገበሬ የሚሸጥበት ከሆነ ይበቃል።

10. ለአለቃሽ «አይሆንም» ማለትን ልመጂ።

ይህን አሳጥሬ እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ረጅም ቢሆን ያስፈራሻል። የተፈረመ ስምምነት ብዛት ለሪፖርት ይፈለጋል። «ዘንድሮ ስንት ባለሀብት ሳብን?» ይባላል። አንቺ ሁለት ረድፍ ያዢ፤ ፈቃድ የወሰዱ፣ ማምረት የጀመሩ። ሁለተኛውን ረድፍ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው አጠገብ አስቀምጪ። ሊቆጡሽ ይችላሉ። እኔ በወጣትነቴ የመጀመሪያውን ብቻ አቅርቤ ተጨብጭቦልኝ ነበር፤ እነዚያ ሽማግሌ አጥሩ ሥር የቆሙትም በዚያው ዓመት ነው።

ለመስቀል እመጣለሁ። ከመምጣቴ በፊት የአንድ ቀበሌ የእንሰት ቆጠራ ጨርሰሽ ጠብቂኝ፤ አንድ ቀበሌ ብቻ። እናትሽ የምትፍቅበትን ሰዓት፣ የወጣላትን ቡላ በኪሎ መዝኚና በደብተርሽ ያዢልኝ። ውጪ ያለው ወንድምሽ ሲደውል ደግሞ ስለ 20 በመቶዋ እኔን ሳትጠብቂ አንሺለት፤ ምን እንዳለ ንገሪኝ።